ግጥም የጎደለው ዙር

አባቴ በዕብራይስጥ ዝምተኛ ነው። በአማርኛ ግን፣ በተለይ ሠርግ ላይ፣ አፉን የሚዘጋው የለም። እዚህ ናታንያ ከተማ የኛ ሰው ሲዳር ማሲንቆ መቺው በየጠረጴዛው እየዞረ ይጫወታል። ግጥም ሲያልቅበት ዝም ይልና ክሩን ብቻ እየገዘገዘ ይቆማል። ያን ጊዜ ከተቀመጠው ሰው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ መቺውም የተሰጠውን ቃል እንዳለ ተቀብሎ ያዜመዋል። ሙሽራ ማወደስ የፈለገ፣ አማቱን ነካ ማድረግ ያሰኘው፣ ካኮረፈ ወንድሙ ጋራ መታረቅ ያማረው ሁሉ በዚህ ነው የሚናገረው። ፊት ለፊት የማይባለው ነገር በግጥም ይባላል፣ ማንም አይቆጣም። አባቴ በዚህ ስመ ጥር ነበር። እኔ ደግሞ ልጅ ሳለሁ እሱ «ተቀበል» ባለ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ። ምነው እንደ ሰው አባት ዝም ብሎ ዶሮውን ቢበላ እላለሁ።

ጊታር የጀመርሁት አሥረኛ ክፍል ነው፤ እሱንም ፈልጌው አይደለም። ከሩጫና ከሙዚቃ አንዱን ምረጡ ተባልን። መልኬን ያየ ሁሉ እሮጣለሁ ብሎ ስለጠበቀ እልህ ያዘኝና ሙዚቃ አልሁ። የሙዚቃ ክፍላችን የትምህርት ቤቱ ሚክላት ነበር፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ የምንገባበት መጠለያ፤ በሩ ወፍራም ብረት፣ መስኮት የሚባል የለው። ሰላም ሲሆን አሥራ ሁለት ጊታር ግድግዳው ላይ ይሰቀልበታል። በመጀመሪያው ወር የግራ እጄ ጣቶች ጫፍ ቆስሎ፣ በሁለተኛው ወር እንደ ተረከዝ ደደረ። እናቴ እየዳበሰችው፣ «የኔን እጅ የሚያህል አበጀሽ፣ እኔ እንኳ በመጥረጊያ ነው» ትለኝ ነበር። እሷ ኢር ያሚም በሚባለው ሰፈር ፎቆች ውስጥ ጽዳት ነው የምትሠራ።

መምህራችንን በዕብራይስጥ «አንቺ» ነበር የምንላቸው፣ የአገሩ ወግ ነውና። በአማርኛ ሳወራላቸው ግን አፌ እምቢ ይለኛል፣ እሳቸው ናቸው። ወፍራም መነጽር ያደርጋሉ፣ ተቀምጠውም አያውቁም፤ ጊታሩን እንደታቀፉ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ። ሦስት ኮርድ ካስያዙን በኋላ «እንግዲህ የራሳችሁን ዘፈን ጻፉ» አሉ። ዘዴያቸው ቀላል ነው፤ ኮርዶቹን በተራ እየመታህ ትዞራለህ፣ ቃል እስኪመጣ ድረስ ትዞራለህ፣ ሲመጣ ትጽፋለህ።

የመጀመሪያው ዘፈኔ ስለ ባሕር፣ ስለ ጨረቃና ጥሎኝ ስለሄደ ልጅ ነበር። እንኳን የሄደ የመጣም አልነበረ። መምህሬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣

«ልጁ ማነው?» አሉኝ።

«የለም» አልሁ።

«እንግዲያው ይቅርብን። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጪ ያየሽውን ጻፊልኝ።»

ጠዋት ያየሁትማ የአባቴን ጫማ ነው። አባቴ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ያሽጋል። ከቤት ሳይወጣ በፊት በሩ ሥር ጋዜጣ ያነጥፍና ጫማውን ይጠርጋል፣ ቀለም ይቀባል፣ በጨርቅ ያሸዋል። ፋብሪካ ሲደርስ ግን አውልቆ የሥራ ቡት ያደርጋል። «ለአውቶቡስ ነው ይህን ያህል የምትለፋው?» ብዬ ስስቅበት፣ «በመንገድስ ሰው አያየኝም?» ይለኛል። ስለዚህ ጻፍሁ። በዕብራይስጥ ነው የጻፍሁት፤ አንደኛው ግጥም ስለ ጫማው፣ ሁለተኛው ስለ አውቶቡሱ፣ ሦስተኛው ስለ ካርቶኑ። መምህሬ ሲሰሙ መመላለሳቸውን አቆሙ። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ እየዘፈንሁ ነው ቤት የገባሁ።

አራተኛው ግጥም ግን አልመጣ አለኝ። ለምን እንዳልመጣ አውቃለሁ። በአራተኛው ላይ ያ ጫማ የተጠረገለት ሰውዬ ወደ እኔ መምጣት ነበረበት። አባቴ ደግሞ እኔ ያለሁበት አይመጣም፣ የከለከልሁትም እኔው ነኝ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በወላጆች ቀን አባቴ የሠርግ ኮቱን ለብሶ መጣ። የክፍሌ አስተማሪ ስትገባ ብድግ አለ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት። በኛ ደንብ ልጅህን የምታስተምርልህ ሰው የምትከበረው እንዲህ ነው። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርሁ። አስተማሪዋ «ወሬ ታበዛለች፣ ሒሳብ ላይ ሰነፍ ናት» አለች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጎበዝ ናት፣ ክፍሉን የምታነቃቃው እሷ ናት» ብዬ ተረጎምሁ። አባቴ ደስ ብሎት እንደገና ተነሣ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። በር ላይ ተራ የሚጠብቁት የክፍሌ ልጆች ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ባገኙኝ ቁጥር ጎንበስ እያሉ በሁለት እጃቸው ይጨብጡኝ ጀመር። ጥሪው በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ፣ «አባዬ፣ አንተ አትምጣ፤ ምንም አይገባህም» አልሁት።

«እሺ» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤቴን አልረገጠም፣ ጥሪ ሲመጣ እናቴ ናት ከጽዳት እንደወጣች ደክሟት የምትመጣ። እኔ አፈርሁ እንጂ ይቅርታ አላልሁም። ሆዴ እሺ ሲል አፌ እምቢ የሚለኝ ሰው ነኝ፣ ዛሬም አልተውሁትም።

ስለዚህ ቤት ስለማመድ ሦስቱን ግጥም እዘፍንና አራተኛው ጋ ስደርስ ኮርዱን ብቻ እየመታሁ እዞራለሁ። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ዙሩ ባዶ ሲሆን ቀና ይላል፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል፣ እኔን ያየኛል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ አቀርቅሬ ስዞር፣ «እህ» ይልና ድምፁን መልሶ ይጨምራል። ጩኸቴ የሰለቸው መስሎኝ ጊታሬን ይዤ መኝታ ክፍል ገባሁ።

የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ሲደርስ አራተኛው ግጥም እንደጎደለ ነበር። መምህሬ «ባዶውን ምቺው፤ ሁለቴ ዙሪና ጨርሺ። ዝምታም የዘፈን ነው» አሉኝ። እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። ስለ አባቴ የጻፍሁትን ዘፈን እሱ ሳይሰማው ልዘፍን ነው? መጥሪያ ወረቀቱን አምጥቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍሁት። እናቴ አይታ፣ «የጠራሽው ፍሪጁን ነው?» አለች። «አትምጣ ያልሽው ባፍሽ ነው፣ ና የምትይውም ባፍሽ ነው። እኔ አላማልድሽም።»

ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን ጠዋት፣ ጫማውን ሲጠርግ አጠገቡ ቆምሁ። የቀለሙን ክዳን አነሣሁ፣ አስቀመጥሁ።

«አባዬ፣ ነገ ከሰዓት ዘፈን አለኝ። ሰው ሁሉ ይመጣል» አልሁት።

ሰው ይመጣል አልሁ እንጂ ና አላልሁም። ያችን አንዲት ፊደል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

«ነገ የከሰዓት ተረኛ ነኝ» አለና ጋዜጣውን አጥፎ ወጣ።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ተራዬ ደርሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ፣ ጊታሬን አስተካክዬ ቀና አልሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እናቴ አለች። ከእሷ ቀጥሎ ያ የሠርግ ኮት አለ። ተራውን ከሰው ተለዋውጦ መጥቶ ኖሯል። ቀልቤ ተገፈፈ፣ የመጀመሪያውን ኮርድ እንኳ በደንብ አልያዝሁትም።

ዘፈንሁ። አባቴ አገጩን በመዳፉ ይዞ አቀርቅሮ ሰማኝ። ምን ያህል እንደገባው አላውቅም፤ ጫማ ስል ግን ዝቅ ብሎ ጫማውን አየ። ሦስተኛው ግጥም አለቀ። ባዶው ዙር መጣ፣ ኮርዱን ብቻ መምታት ጀመርሁ።

አባቴ ቀና አለ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ የሳሎኑ ፊት ነው፤ ከሳሎን በፊት ደግሞ የሠርግ ፊቱ ነው። ያኔ ገባኝ። ለካ ይህ ሰው እነዚያን ወራት ሁሉ ጩኸቴ ሰልችቶት አልነበረም። ዘፋኝ ቃል ትቶ ክር ብቻ ሲመታ ግጥም ስጡኝ ማለቱ ነውና፣ ልጄ ግጥም እየለመነችኝ ነው ብሎ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ቀና ሲል የኖረው። እኔ ደግሞ አላየውም ነበር።

«ተቀበይ» አለ።

አልጮኸም፤ አዳራሹ ግን ጸጥ ያለ ስለነበር ሁሉም ዞረ። ያኔ ጎንበስ እያሉ የጨበጡኝ ልጆች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፣ አንዱ መሳቅ ጀምሯል። ክሩን አንዴ መትቼ ብጨርስ ጭብጨባው ይሸፍነው ነበር። እጄ ግን መዞሩን አልተወም። አባቴም ሰጠኝ፤

አትምጣ ብትይኝ፣ ቀርቼ ነበረ፣
ድምፅሽን ሰምቼ፣ እግሬ መች አደረ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ተቀበልሁት። በሦስቱ የሚክላት ኮርዶች ላይ አማርኛው ትንሽ ተንገዳግዶ ቆመ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ፣ ቃሉ ጠፋኝ። ኮርዱን ብቻ እየመታሁ ዞርሁ። አባቴም ጠበቀኝ፣ ማሲንቆ መቺም እኮ ይጠፋበታል። ረጋ ብሎ ሁለተኛውን ስንኝ ደግሞ ሰጠኝ፤ ዘፈንሁት። ከወደኋላ ከኛ ሰዎች አንዲት እናት እልል አለች።

ስወርድ መምህሬ ወደ እሱ ሄደው ነበር። አባቴ ብድግ አለ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። እኔም አጠገቡ ሆኜ ጎንበስ አልሁ፣ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ጊታር ጉልበቴን ቢመታኝም። ልጆቹ አይተውን ይሆናል። ዞሬ አላጣራሁም።

«ምን ብሎሽ ነው?» አሉኝ መምህሬ።

ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉና፣ «በሚቀጥለው ዓመትም ይምጣ በይው» አሉ። ለአባቴ ተረጎምሁለት። እሱም ጫማውን እያየ፣

«እሷ ትጥራኝ እንጂ፣ እግርስ አለኝ» አለ።

ይህንንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመምህሬ ተረጎምሁ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሬ «ና» አልሁት።