እትዬ ለእኔ ያወጣችው አዲስ ጓንት

በዚህ ዓመት ያረፈችውን ታላቅ እህቴን እትዬ ነበር የምላት። እዚህ ሞያሌ፣ ሄሉ ሰፈር ባለው ክሊኒክ ለምርመራ ደም ስትቀዳ ነው የኖረችው። ለያንዳንዱ በሽተኛ እጇን ታጥባ አዲስ ጓንት ታጠልቅና፣ «ይሄ ያንተ ነው፣ ማንንም አልነካም» ትላለች።

አንድ ጊዜ እኔም ታምሜ ሄድኩ። ጓንቱን ስታጠልቅ ሳይ ከፋኝ።

«እትዬ፣ የእናትሽን ልጅ ተጸየፍሽ?» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አንተ ልጅ፣ የሌላው ደም አንተን እንዳይነካህ፣ ያንተም እኔን እንዳይነካኝ ነው። ይልቅ ክንድህን አምጣ!»

ተነስቼ ወጣሁ። ወረፋ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎችም፣ «ወንድሟን ከተጸየፈች እኛንማ!» ብለው ሳይመረመሩ ተከተሉኝ። ያንደኛው ሕመም የታወቀው የመዳኛው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። እትዬ ግን ይህን አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

ልታርፍ ሰሞን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ እጄን ያዘችና፣ «ይኸው ያለ ጓንት ያዝኩህ፣ አሁን ደስ አለህ?» ብላ ሳቀች። ይቅር በይኝ ልላት አስቤ አፈርኩ፤ ሳልላት ሄደች።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ክሊኒክ ለምርመራ ደም ልሰጥ ተቀመጥኩ። ወጣቷ ነርስ ዝም ብላ አዲስ ጓንት አጠለቀች። እኔ ክንዴን ዘርግቼ፣ «ይሄ ያንተ ነው» የሚለኝን ድምፅ እጠብቅ ነበር።