ባለ ሁለት ቤት አምፖል

ሰው ሲጠጋጋ ይጣላል የሚሉ አሉ። እኛን ግን የፈጀን ይሉኝታ ነው።

በደርግ ጊዜ አሰላ ላይ ቀበሌው አንዱን ትልቅ ቤት በኮምፖርሳቶ ከፍሎ፣ ግማሹን ለእናቴና ለእኔ፣ ግማሹን አዴ ለምንላቸው ብቸኛ አሮጊት ሰጠ። አምፖሉ አንድ ብቻ ስለነበር ከግድግዳው በላይ ባለው ክፍተት ተንጠልጥሎ ሁለቱንም ቤት ያበራል። ማጥፊያው በእኛ በኩል ነው።

ማታ እናቴ እንቅልፍ እያዳፋት፣ «አዴ፣ ላጥፋው ወይስ ይቆይ?» ትላለች።

«ይቆይ ልጄ፣ ይቆይ» ይላሉ ከወዲያ። እኔም ደብተሬን ዘርግቼ አጠናለሁ።

ከዓመታት በኋላ አዴ ወደ አቦምሳ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ዕቃቸውን ሲሸክፉ እናቴ፣ «መብራት ይወዳሉ፤ እዚያ እንዴት ሊሆኑ ነው?» አለቻቸው።

አዴ ሳቁ። «እኔ? ዓይኔን በሻሽ አስሬ አይደል እንዴ የምተኛው። ልጅቷ ታጥና ብዬ ነው እንጂ።»

እናቴ አፏን ያዘች። እሷ ያን ሁሉ ማታ መብራቱን ሳታጠፋ የቆየችው ለአዴ ብላ ነበር። ሁለቱም ዞረው እኔን በፍቅር አዩኝ።

እኔ ደብተሬን የምዘረጋው የበራው መብራት በከንቱ እንዳይነድ ብዬ እንደነበር ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም።