ለሁለት የተከፈለው የዳኘው ሞተር

ዳኘውና ሚስቱ የብርጓል ተፋቱ ተባለ። ወሬው የተነሣው ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር፣ ከደሞዝ ሻይ ቤት ነው። እንደ ሻይ ቤቱ ባለቤት እንደ ደሞዝ አባባል ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ንብረትም ተቆጥሯል። ያ አሮጌ ሞተር ሳይቀር ለሁለት ተከፍሏል፤ የፊት ጎማው ለባል፣ የኋላው ለሚስት።

ወሬው ግን አልገጥም ይላል። ዳኘው በየጠዋቱ ወደሚሠራበት ኮሌጅ የሚሄደው በሁለቱም ጎማ ነው። በግማሽ ሞተር የሚጓዝ ሰው ቢኖርማ የባሕር ዳር ሕዝብ ሥራ ፈቶ ጣና ዳር ይሰለፍ ነበር። ደግሞስ የብርጓል ትናንት ገበያ ውስጥ የእሱን ካልሲ ስትመርጥ ታይታለች። የተፋታ ሰው ካልሲ አይመረጥለትም።

ከወሬው ውስጥ እውነት የምትባል ነገር ብትኖር፣ የብርጓል ከባሏ ጀርባ መቀመጥ ትታ በባጃጅ መሄድ ከጀመረች ሁለት ወር ሞልቷታል። ጥፋቱ የጎማ ነው። ከሞተሩ መሪ ፊት የቆመው ነፋስ መከለያ ፕላስቲክ፣ ጠርዙን የሚያቅፍ ቀጭን ጥቁር ጎማ ነበረው። ሃያ ዓመት ፀሐይ ሲጠብሰው የኖረው ይህ ጎማ አንድ እሑድ ዓባይ ድልድይ ላይ ተገነጠለና በዳኘው ትከሻ አልፎ የብርጓልን ጉንጭ ገረፋት። ከዚያ ወዲያ እርቃኑን የቀረው ጠርዝ ነፋስ ባገኘ ቁጥር ያፏጫል። ፉጨቱም ዋዛ አይደለም፤ የጣና ጉማሬዎች ሳይቀሩ ዞር ብለው ያያሉ።

“ጅራፍ የሚያርፍብኝ፣ ፉጨት የሚነዳኝ በሬ አይደለሁም” አለችው የብርጓል። “እስኪታረም አልወጣበትም።”

ዳኘው መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ግን ጀርባው በረደው። “ቀስ በል፣ ጉድጓድ” የሚለው ሰው ሲጠፋ የከተማው ጉድጓድ ሁሉ እሱን ፍለጋ ወጣ። አሁን ደግሞ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዘንዘልማ፣ የወንድሟ አዲስ ቤት ይመረቃል። ሁለቱ ለየብቻ ከደረሱ ወሬው በዘመድ ፊት ማኅተም ተመታበት ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ጎማ ገዝቶ ራሱ ገጠመ። ቁራጩ ቢያጥረው እንደ ከበሮ ጠፍር እየወጠረ አዳረሰው። አማረ። ዓርብ ጠዋት ሲያየው ጎማው ከሁለቱም ጫፍ አራት አራት ጣት ሸሽቷል፤ እንደ ታጠበ የሱፍ ሱሪ። ፉጨቱም ተመልሷል፣ ያውም በሁለት ድምፅ።

ወዲያው ዓባይ ማዶ ወዳለው ሞተር ጠጋኝ፣ ወደ ኪሩቤል ገሠገሠ።

“ጋሼ፣ ሳቡት እንዴ?”

“ትንሽ ሳብሁት።”

“ትንሽ? ሰቅለው ያሳደሩት ነው የሚመስል። የሳቡት ጎማ እኮ ሌሊቱን ይሰበሰባል።”

ኪሩቤል ረዘም ያለ አዲስ ጎማ ለብ ባለ ውሃ ነከረ። ከጠርዙ ላይ አሮጌውን ሙጫ ፋቀ፣ የሳሙና አረፋ ቀባ። ከዚያ ከላይ ከመሐል ጀምሮ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ አንዴም ሳይስብ አስገባው። ጫፉን ሲቆርጥ አንድ ጣት አስተረፈ።

“ይቺ ለምንድን ናት?”

“ለብርዱ ናት ጋሼ፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይህችኑ ይሰበስባል። ጠዋት አያገኟትም።”

ዳኘው በድልድዩ ሲመለስ ጆሮውን ቀሰረ። ከሞተሩ ጉርምርምታ በቀር ምንም የለም። አላመነም፤ ዞሮ ደገመው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመላለስ የድልድዩ ጠባቂ አስቆመውና “የጠፋህ ዕቃ አለ?” አለው።

“ነበረ” አለ ዳኘው፣ “ነገ አገኘዋለሁ።”

ቅዳሜ ጠዋት የብርጓል አዲሱን ጎማ ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ዳሰሰችው። ጫፉን ይዛ ሳበችው። ንቅንቅ አላለም።

“የማን ሥራ ነው?”

“የኪሩቤል።”

“እንዲያ ከሆነ ይታመናል” አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላው ወጣች። የዳኘው ጀርባ ሞቀ።

ከሻይ ቤቱ ፊት ሲደርሱ ደሞዝ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዳኘው ሆን ብሎ ሞተሩን አቆመ።

“ታረቃችሁ እንዴ?” አለ ደሞዝ።

“አልተጣላንም፣ አልተፋታንም፣ ሽማግሌም አልተቀመጠብንም” አለች የብርጓል። “ሞተሩም አልተከፈለም፤ ሁለቱም ጎማ የሁለታችን ነው።”