የዋጡት ቅምሻ

በወይን አስመጪው መጋዘን የሚሠሩት አዛውንት ወይን ቀማሽ የቀመሱትን ሁሉ ባልዲ ውስጥ ይተፋሉ። ማስታወሻ እየያዝኩላቸው በሠራሁበት ዘጠኝ ዓመት አንዲት ጠብታ ሲውጡ አይቼ አላውቅም። «ለባለቤቴ ቃል ገብቻለሁ» ይሉኛል፤ ድሮ ጠጥተው ምን አድርገው እንደነበር ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም።

ባለቤታቸውን በቀበሩ በሳምንቱ፣ ትናንት፣ ሥራ ገቡ። የጥቁር ኮታቸው ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል። ዓመት ያልሞላው የፈረንሳይ ቀይ ወይን ቅልቅል ቀዳሁላቸው። አሸተቱት፣ ጎንጨት አደረጉት፣ ምላሳቸው ላይ አንከባለሉና ዋጡት።

«ጋሼ፣ ዋጡት እኮ!» አልኩ ደንግጬ።

«ጥሬ ነው፣ አፍ ይይዛል። ስድስት ዓመት ቢቀመጥ ሰው ይሆናል ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ።

«ከእንግዲህ ማን ይቆጣኛል?» ብለው ብርጭቆውን ዘረጉልኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ።