ማር ያለው አብሽ

ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ዐረብ አገር ባዲዓ ሰፈር አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖረው ዘሀራ ወደ ሥራዋ ልትወጣ ስትል አንድ ኩባያ አብሽ አስቀመጠችልኝ። "ማር አለው?" አልኳት። ስኳር እንዳለብኝ ታውቃለች። "ትንሽ ብቻ ናት እህቴ፤ ከሳሽብኝ እኮ" አለች። ልቆጣት ነበር፤ ግን እሷን የምቆጣበት አፍ የለኝም።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ከተማ ሺፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖርኩ እሠራ ነበር። የቤቱ ልጅ ኑራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እግሯ የቀጠነ፣ ሆዷ በጣፊያዋ እብጠት የተነፋ። ከዘር የሚወረስ በሽታ ነበረባት፤ ታላቅ ወንድሟም በዚሁ ሞቷል። አባትና እናቷ የአጎት ልጆች ናቸው፤ በደማቸው መኖሩን ሳያውቁ ለልጆቻቸው አወረሷቸው። በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት አልተስማማትም ነበርና፣ ሐኪሙ አዲስ እንክብል አዘዘላት። ለእናቷ ለማዳም ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፦ "ሰውነቷ ውስጥ ስቡን የሚጠርገው ነገር ጎድሏል። እንክብሉ አይጠርግም፤ ቆሻሻው እንዳይበዛ ያደርጋል።" አቧራ በማያልቅበት ከተማ ቀኑን ሙሉ ስጠርግ ለምውል ለእኔ ይህ አልከበደኝም። የከበደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እንክብሉ ስለሚያስቀምጣት፣ እስክትለምደው ወተትና ጣፋጭ ተከለከለች።

ኑራ ከሳች። እኛ ወሎ ልጅ ሲከሳ ዝም ተብሎ አይታይም፤ አብሽ ተዘፍዝፎ፣ ተመትቶ፣ ወተትና ማር ተጨምሮበት ይጠጣል። እኔም በየጠዋቱ እናቷ ሳትነቃ አጠጣት ጀመር። ከንፈሯ ላይ የቀረውን አረፋ እየላሰች ትስቅ ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው።

ተቅማጡ ባሰ። በወሩ ሐኪሙ "ሰውነቷ አልተቀበለውም፤ ኸላስ፣ በቃ እናቁመው" አለ። ማዳም መኪና ውስጥ "ሌላ ምን ቀረኝ?" እያለች አለቀሰች። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ኑራን አቅፌ ነበር።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ከፊሌ፣ ማለት የቤቱ አባወራ፣ ኸሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ መትቶ አገሬ ይሰደኛል ብዬ ለራሴ ፈራሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በአራተኛው ቀን ከማዳም ጋር ልብስ ስናጥፍ ተናገርኩ።

"ማዳም፣ ወተትና ማር እሰጣት ነበር።"

"ምን ያህል?"

"ትንሽ ብቻ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

የያዘችውን የኑራን ቀሚስ አጥፋ ጨረሰች። "ሻንጣሽን አዘጋጂ" አለችኝ፤ ድምጿን እንኳ አላነሣችም። ከዚያ ለሐኪሙ ደወለች። እንክብሉ እንደገና እንዲጀመር መፍቀዱን ሻንጣዬን ስዘጋ ሰማሁ። አገሬ አልሰደዱኝም፤ ለዘመዳቸው ቤት አሳልፈው ሰጡኝ። ስወጣ ኑራ በሩ ላይ ቀሚሴን ይዛ "ነገስ ማን ያጠጣኛል?" አለችኝ።

ጣፊያዋ ይቀንስላት አይቀንስላት፣ ትኑር አትኑር አላውቅም። ሁለት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። አሁን ያን ያህል መንገድ የሚሄድ ጉልበት የለኝም።

ዘሀራ አባያዋን ለብሳ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ኩባያውን መለስኩላት።

"ነገ ማር አታድርጊበት።"

"ይመርሻል እኮ!"

"ይምረረኝ" አልኳት። ለኑራም ማርና ወተት የሌለውን ማጠጣት እችል ነበር፤ አላሰብኩትም። እያጣፈጥኩ ነው የጎዳኋት።