እማማ ዘርፌን ቡና ያልጠራቸው ሰፈር

ትናንት ጠዋት የቡና ጣሳዬን ከፍቼ አፍንጫዬን ብከትበት ምንም አልሸተተኝም። እርጥብ ካርቶን ቢያሸቱ ከዚያ ይሻላል። ጣሳው የራሴ ነው፣ ክዳኑ የተጣመመው። ውስጡ ያለው ግን የኔ ቡና እንዳልሆነ ያወቅኩት ወደ ቀትር፣ ባዶውን ከረጢት ቆሻሻ ውስጥ ሳገኝ ነው። ልጄ ሂሩት ከሱፐርማርኬት ካፌይኑ ወጥቶለታል የተባለ ቡና ገዝታ፣ የኔን ገልብጣ፣ ያንን ሞልታበት፣ ክዳኑን እንደነበረ ገጥማ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው በማታቱ፣ በዚህ አገር ሚኒባስ፣ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። አሮጊት አፍንጫ የላትም ብላ መሆን አለበት።

ካሳራኒ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ጣሳውን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ከታች የማታቱ ሙዚቃ መስኮቱን ያንዘፈዝፈዋል። እኔ ግን ናይሮቢ አልነበርኩም። አሰበ ተፈሪ፣ የቁልቋሉ አጥር ሥር፣ እማማ ዘርፌ ደጃፍ ነበርኩ። ሰው በመዓዛ ያስታውሳል፣ እኔ መዓዛ በማጣት አስታወስኩ። እንዲህም የተናደድኩት ከዚያ ወዲህ አሁን ነው።

ነገሩን የጀመረው ሐኪሙ ነው። ባለፈው ጊዜ ጋዙን ሳላጠፋ ገበያ ወጣሁ፣ ሂሩት ደነገጠችና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ጉንጩ ሕፃን ይመስላል። ዓመቱ ስንት ነው አለኝ። የኛን ነገርኩት። ሂሩት እያፈረች ስትተረጉም ግንባሩን ቋጠረ፣ ወደ ኋላ የቀረሁ መስሎታል። ልቤን ሊፈትን ሰዓት ሳዪልኝ አለና ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። እኔ ተማሪ ቤት የሄድኩት ለልጄ ምሳ ሳደርስ ነው፣ እርሳስ ጨብጬ አላውቅም። «አንተስ እንዝርት ባስጨብጥህ ትፈትላለህ?» አልኩት። ሂሩት ይህችን አልተረጎመችለትም።

ስለ ቡና ግን ሐኪሙ አንድ ቃል አልወጣውም። እሱን የጨመረችው ሂሩት ናት፣ ከስልኳ። ስልኩ ማክሰኞ ዕለት ቡና ሽማግሌን ከመርሳት ይጠብቃል ይላል፣ ሐሙስ ዕለት እንቅልፍ ይነሳና ማስታወስን ያዳክማል ይላል። ሂሩት የሐሙሱን ያዘች።

እማማ ዘርፌ ጎረቤታችን ነበሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም። አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር ያንጠለጠሉት ጠገራ ብር ነበራቸው፣ ሲስቁ ደረታቸው ላይ ይዘላል። ላምባ በጠርሙስ ይቸረችሩ ስለነበር እጃቸው፣ ነጠላቸው፣ የሚሰጡን ቆሎ ሳይቀር ላምባ ላምባ ይላል። ማታ ማታ ኩራዝ ይዘን ስንሄድ በነገር ሳይነኩን አይቀዱልንም። «እናትሽ ቆንጆ፣ አባትሽ ደህና። ይሄንን አፍንጫ ከየት ተበድረሽው ነው?» ይሉኛል፣ ከዚያ ኩራዜን አፍ እስከ አፉ ይሞሉልኛል። ሰው መንካት የተማርኩት ከሳቸው ነው፣ የሚቀየመኝ ሁሉ እሳቸውን ይቀየም።

ሰፈራችን ቡና የሚጠጣው ተራ ገብቶ ነው። ዛሬ እኛ ቤት፣ ነገ እትዬ አልማዝ ቤት እየተባለ ይዞራል። ስኳር የሠርግ ነገር ስለሆነ የሚገባበት ጨው ነው። ጠሪዎቹ እኛ ልጆች ነን። አጥሩ ሥር ቆሞ «ቡና ይጠጡ ተብለዋል» ብሎ መጮህ ነው፣ በቃ። መጀመሪያ የሚጠሩት እማማ ዘርፌ ናቸው፣ እሳቸው ሳይመጡ ማንም ስኒ አያነሳም። ሲገቡም የትናንቱን ወሬ ልክ ካቆሙበት ነው የሚቀጥሉት። ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ ማን ማንን ማግባት እንደማይችል የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ይከራከራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይሄዳሉ።

ከዚያ መርሳት ጀመሩ። እኔን በእናቴ ስም ይጠሩኛል። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ጠፍቷቸው ዋሉና፣ አመሻሽ ላይ የሰው ፍየል እየጎተቱ፣ እየተቆጧትም ከተፍ አሉ። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። እሳቸውም ሳቁ። «የጠፋችው ፍየሏ ናት፣ እኔማ ይኸው ቤቴን አገኘሁ» አሉ።

ልጃቸው ሽፈራው ግን አልሳቀም። አውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር፣ በሐሩሩ ክራባት የሚያስር። ጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ድሬሰር ጓደኛውን ይዞ መጣ። ያ ድሬሰር ቁጭ እንኳን ሳይል፣ ቡናው አናታቸውን እያደረቀው ነው ብሎ ሄደ። ሽፈራው ጀበናውንም ሙቀጫውንም ከእናቱ ቤት አወጣ። ቀጥሎ በየቤታችን ዞረ። «እናቴን ቡና የሚጠራ ከኔ ጋር ሰላምታ የለውም። ለሷም እንዳትነግሯት፣ ትረበሻለች» አለ። ያለ እሱ እጅ አንዲት ወረቀት አትወጣም፣ ስለዚህ ሁሉም እሺ አለ። እናቴም እሺ አለች፣ አፈር ስሆን።

ሴቶቹ ቡናውን ጓዳ ገብተው መውቀጥ ጀመሩ፣ ድምፁ እንዳይሰማ። ሽታው ግን አጥር አያውቅም። በቡና ሰዓት እማማ ዘርፌ ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ጆሯቸውን ወደኛ ቤት ጥለው ይጠብቃሉ። ማንም አይጠራቸውም። ራሳቸውን ፈልጧቸው ግንባራቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው ያስራሉ፣ መልሰው ይጠብቃሉ። ሲመሽ ነጠላውን አጣጥፈው ይገባሉ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እማማ ዘርፌ ሰፈሩን ያስቀየሙት መሰላቸው። አንድ ቀን ጠዋት እኛ ቤት መጡና ደጃፉ ላይ ጎንበስ አሉ። ያን የሚያህሉ ሴትዮ፣ እናቴን ያዋለዷት።

«አስካለ፣ ምን አጠፋሁ?» አሏት እናቴን። «አጥፍቼ ረስቼው ይሆናል፣ ልቤ እንደ ድሮው አይደለም። ምንም ይሁን፣ ይቅር በዪኝ።»

እናቴ እግሯን እግሯን አየች። «ኧረ ምንም የለም እማማ።»

«የለም አትበዪኝ። ይቅር በዪኝ።»

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አለች እናቴ።

በየቤቱ ዞሩ። በየቤቱ ይቅር ተባሉ። እስቲ እዩት እንግዲህ፣ ያላጠፉትን ይቅር አሏቸው። ከዚያ በኋላማ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ጥፋታቸውን ሲፈልጉ ይውላሉ። «በአልማዝ ልጅ ሠርግ ላይ ምን አልኩ? ለአስካለ ክርስትና ምን ይዤ ሄድኩ?» ብቻቸውን ያጉረመርማሉ። የቀረቻቸውን ልብ በዚህ ጨረሷት። ላምባ ሊገዛ የሄደውን ልጅ መንካት ተዉ፣ ቀድተው ዝም። ሽፈራው ደግሞ ቡናውን ስላስተውኳት ጭምት ሆነችልኝ እያለ ያወራል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተራው የኛ ሆነ። እናቴ «አልማዝንና ትርንጎን ጥሪ» አለችኝ። ጠራኋቸው። ከዚያ ማንም ሳይልከኝ አጥሩ ሥር ሄጄ በጉሮሮዬ ልክ ጮህኩ፣ «እማማ ዘርፌ፣ ቡና ይጠጡ ተብለዋል።»

ከድንጋዩ አነሳሳቸው የልጅ ነበር። «ማን ነው ያለው?»

«እናቴ።»

«እውነትም ይቅር ብላኛለች» አሉና ተከተሉኝ።

ሲገቡ የእናቴ እጅ ጀበናውን እንዳነሳ አየር ላይ ቀረ። እትዬ አልማዝ ጥጥ መፍተሏን ትታ በር በሩን ታያለች፣ ሽፈራው የሚመጣ ይመስል። እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፋል። «እማማ ዘርፌ ምንም አላጠፉም» አልኩ፣ «አትጥሯቸው ያለው ጋሽ ሽፈራው ነው።» እናቴ ጆሮዬን ይዛ ጠመዘዘችው፣ እስከዛሬ የሚያመኝ ይመስለኛል።

እማማ ዘርፌ ጠገራ ብራቸውን በጣታቸው እያሻሹ አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ምንም አላጠፋሁም?»

«አላጠፉም እማማ» አለች እትዬ አልማዝ፣ ቀስ ብላ።

«ታዲያ አስካለ፣ ምኑን ነው ይቅር ያልሽኝ?»

እናቴ ቀዳችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ፉት አሉ። «ጨው አንሶታል» አሉ።

ማታ ሽፈራው ግቢያችን ድረስ መጥቶ ጮኸ። እማማ ዘርፌ ከእናቴ ፊት ቀድመው ቆሙ። «የምትከለክለኝ ከሆነ ፊት ለፊቴ ከልክለኝ» አሉት፣ «እምቢ እንድልህ።» ክራባቱን ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል ቆየና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ መጥራቱን አላቋረጠም።

ቡናው አዳናቸው አልልም። መርሳቱ መጣ፣ ኋላ እኔንም ሽፈራውንም ረሱ። ጥፋታቸውን መፈለግ ግን ተዉ። እስከሚሞቱ ድረስ ሲጠሯቸው የሚሄዱ ሰው ነበሩ።

ትናንት ማታ ሂሩት ስትገባ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኳት።

«እማዬ፣ ለሜሞሪሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ልቤ ከጠፋ ጠፍቷል በዪኝ፣ እሰማሻለሁ። ደብቀሽ ስትቀይሪብኝ ግን ጠዋቱን ሙሉ ምን ሆንኩ፣ አፍንጫዬም ከዳኝ ወይ እያልኩ ራሴን ስፈራ ዋልኩ። እንዲህ ነው ሜሞሪ የሚጠበቀው?»

ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበር ላይ ዝርፍጥ አለች። «ብነግርሽ እምቢ ትዪኛለሽ» አለች።

«እላለሁ። እምቢ ማለቴን ለምን ቀማሽኝ?»

ይሄኔ አለቀሰች። እኔ አላባበልኳትም። ቆይታ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ ብትተዪውስ፣ እንቅልፍ ስለምታጪ ነው አለችኝ። ቀድማ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። አሁን ተናድጃለሁ፣ ቁጣዬ ሲበርድ አስብበታለሁ አልኳት።

እማማ ዘርፌ ሲሞቱ ጠገራ ብራቸውን ምራታቸው ወሰደች። የላምባ ጠርሙሶቻቸው በየቤቱ ተበተኑ። ለኔ የደረሰኝ መጥራት ነው። እኛ ፎቅ ሥር አንዲት ኪኩዩ ሴትዮ አሉ፣ ሁሉም ሾሾ ነው የሚላቸው፣ አያት ማለት ነው። ልባቸው ጠፍቷል ይላሉ። ልጃቸው ከተማው ማዶ ኢምባካሲ ሥራ ሲሄድ የብረት ፍርግርጉን በላያቸው ላይ ይቆልፋል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝቼው መናገር ያለብኝን ተናግሬዋለሁ፣ በምን ቋንቋ እንዳትሉኝ። ቁልፉን አላነሳም። እኔ ግን ስኒዬን ይዤ ወርጄ «ሾሾ፣ ካሃዋ» እላለሁ፣ ቡና ማለቴ ነው። ከውስጥ የሚጎተት ጫማ ይሰማል። በፍርግርጉ መሐል ስኒ ያልፋል።