ለሚስቱ ዓይን ገመድ የመረጠው ሰው

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጥራት» ብሎ ይጠራዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የሰው ሳሎን ገብቶ ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ሲገጥም፣ ባለቤቱ «ይበቃል፣ ይታያል እኮ!» ካለው፣ «መታየትማ ጥላም ይታያል!» ብሎ ገመዱን እንደገና ይነቅላል። በዚህ ጠባዩ ብዙ ሰው አማርሯል። ሆኖም እሱ የገጠመው ዕቃ ተበላሸብኝ ብሎ መልሶ የጠራው ሰው አላውቅም።

ይህ ሰው ሚስቱ ዓይኗን ስታጣ አጠገቧ ተቀምጦ ገመድ ይመርጥ ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ማታ ማታ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ከእሱ ጎን ትቀመጥና ፊልም ያያሉ። አንድ ምሽት፣ «አንተ፣ ይሄ ሥዕል ዳር ዳሩ ደብዝዟል» አለችው።

ለእሱ ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ በገጠመው ዕቃ!

«እውነትሽን ነው» አለ ጥቂት አፍጥጦ ካየ በኋላ። «ጥፋቱ የቢጫው ገመድ ነው። ብርሃኑንም ቀለሙንም በአንድ በር እያጋፋ ያስገባል። ለሰው ቤት ስሮጥ የራሴን ረሳሁት።»

«ዓይኔ ይሆን እንዴ?»

«መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እየሰደድሽ ምን ዓይን አለሽ የሚያስወቅስ? ይልቅ ሥራዬን ለእኔ ተይልኝ።»

እውነትም ክር ታስገባ ነበር። ፊት ለፊቷ ያለውን አጥርታ ታያለች። ሁለቱንም ያታለላቸው ይኸው ነው።

ብርሃኑን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ የሚያመላልሰውን ኤስ ቪዲዮ የሚሉትን ገመድ አመጣ። ቀጫጭን እሾሆቹ እንዳይጣመሙ ትንፋሹን ውጦ ሰካው።

«አሁንስ?»

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ቀድማ ያየችው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የእሱን ፊት ነው። ፊቱ ላይ ያለው ጉጉት አሳዘናት።

«ተሻለ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ አጠገቧ ያለ ብርጭቆ ሁሉ ይወድቅ ጀመር። የበሩ መቃን ትከሻዋን ያገኘዋል። እሱ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠጋ፤ «እኔንም እኮ ይመታኛል» አለ። ሥዕሉ ዳሩ ጠፋ ስትለው ደግሞ፣ ቴሌቪዥኑ ምስሉን እየቆረጠው መስሎት ስፋቱን ሲያስተካክል አመሸ። አልሆነም። በመጨረሻ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሱቆች ሁሉ አስሶ፣ ለሥዕሉ ብቻ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀዳዳ ያለው ማጫወቻ ይዞ መጣ። ኮምፖነንት ይባላል፤ ከድሮዎቹ የአናሎግ ገመዶች ከእሱ በላይ የጠራ የለም። ሲገባ የሚስቱ ታላቅ እህት ሳሎን ተቀምጣለች።

«ደግሞ ሌላ ሽቦ?» አለችው።

«የመጨረሻው ነው፣ እቴቴ። ከዚህ በላይ ሥዕል የለም።»

«እኔ እዚህ ከጎኗ እጄን ሳውለበልብ አላየችኝም። አንተ ሰው፣ የዚህን ሣጥን ቂጥ ከምታሽ የሚስትህን ዓይን ለምን አታስመረምርም?»

«በገመድ ነገርማ አትግቢብኝ።»

«ስለ ገመድ ማን አወራ!»

እሱ ግን ሦስቱን በየቀለማቸው ሰክቶ ጨርሶ ነበር። ሥዕሉ እንደ መስታወት ጠራ። የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይቆጠራል። ዞር ብሎ ሚስቱን አያት።

«ዳሩ አሁንም የለም» አለች፣ እያለቀሰች። «ይቅርታ አድርግልኝ።»

ጥራት ቁጭ አለ። ከዚህ በኋላ የሚቀይረው ገመድ አልነበረም።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ሐኪሙ በየዓይኗ ሲያበራ ቆየና፣ «መቼ ጀመረዎት፣ እናቴ?» አላት።

«ቢጫው ገመድ እያለ ነው» አለች።

ሐኪሙ ግራ ገብቶት ከእኔ ጋር ተያየን። ጥራት ግን አንገቱን ደፋ። የገባው ለእሱ ብቻ ነው።

የዓይን ግፊት ነው ተባለ። ከዳር እየበላ ወደ መሐል የሚመጣ፣ የበላውን የማይመልስ በሽታ። ያኔ ቢመጡ ጠብታ ሊያቆመው ይችል ነበር። አሁን የቀራት በቀጭን ቱቦ የማየት ያህል ነው፤ እሱም ብዙ አይቆይም። ቤት ስትጠብቀን የቆየችው እህቷ ነገሩን ስትሰማ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። ልታቆስለው አስባ የተናገረችው አልመሰለኝም።

ቱቦውም ተዘጋ። የልብስ ስፌት መኪናዋ እንደተሸፈነ ቀረ። እሱም በሰው ሳሎን «ጥራት» ማለቱን ተወ፤ ይሁን ሲሉት ይሁን ይላል። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች እነዚያን ባለቀለም ቀዳዳዎች ከነጭራሹ ትተዋቸዋል፤ እሱንም የሚጠራው ሰው እየጠፋ ነው።

ባለፈው ልጠይቃቸው ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ እሷ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ተቀምጣለች። እሱ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተንበርክኮ የገመዶቹን ጫፍ በጨርቅ ይጠርጋል፤ እየነቀለ ይመልሳል።

«አሁንስ?» አለ ድንገት፣ ከልማድ። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

«ተሻለ» አለችው።

ከቴሌቪዥኑ ኋላ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም። በሩን በቀስታ ዘግቼ ሄድኩ።